«እጅህን ሰብስብ!»

ለንደን ያላችሁ ወላጆች፣ ግሪኒች ያለውን ብሔራዊ የባሕር ሙዚየም ልጆቻችሁን ይዛችሁ እዩት። መግቢያው ነፃ ነው። እኔ በበኩሌ ተናድጄ ነው የወጣሁት። የተናደድኩት ግን በእነሱ አይደለም።

እስከ 7 ዓመት ላሉ ሕፃናት «አሆይ» የሚባል ክፍል አላቸው። እዚያ ልጆቹ የእንፋሎት መርከብ ቦይለር ውስጥ ከሰል ይጨምራሉ፣ ጀልባ መሥሪያው ጋ ተሰብስበው አብረው ይሠራሉ። ከፍ ያሉት ደግሞ «ኦል ሃንድስ» ገብተው ጭነት ይጭናሉ፣ መልእክት ይላላካሉ፣ የማስመሰያ መድፍ ይተኩሳሉ። ልጄ ጭነቱ ጋ ሙጭጭ አለ። ከየት እንደመጣ የማላውቀው ሌላ ልጅ ተቀላቀለው፣ ስም እንኳ ሳይጠያየቁ አንዱ «ያዝ» ሌላው «ቆይ፣ ቆይ፣ አሁን ልቀቅ» እየተባባሉ ላብ በላብ ሆኑ። ተው የሚላቸው ሰው የለም። ማታ ቤት ገብቶ ስለ መርከብ የጠየቀኝ ጥያቄ መዓት ነው።

ይኼው ልጅ ባለፈው ክረምት አገር ቤት አንድ ሙዚየም ስንገባ ገና ከበሩ «እጅህን ሰብስብ!» ተባለ። ከፊታችን ተማሪዎች በሰልፍ ቆመዋል፣ እጃቸው ወደ ኋላ ተጣምሯል። አስጎብኚው የሸመደደውን ያወርደዋል፣ መምህሯ «ጻፉ!» ትላለች። አንዲት ትንሽ ልጅ የመስታወቱን ጠርዝ በጣቷ ነካ ስላደረገች ብቻ ጆሮዋን ተቆነጠጠች። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ቅርስ ይነካካ አላልኩም። ግሪኒችም ቢሆን የእንግሊዙ የባሕር ኃይል አዛዥ ኔልሰን እ.ኤ.አ. በ1805 በትራፋልጋር የባሕር ጦርነት ላይ ሲመታ የለበሰው ኮት፣ ጥይቱ ትከሻው ላይ ከበሳው ቀዳዳ ጋር፣ መስታወት ውስጥ ነው ያለው። ግን ለልጅ እጅ የሚሆን ሌላ ነገር ጎን ለጎን አዘጋጅተዋል። እኛ ጋ የቀረው ይኼ ነው።

ደግሞ ስለ ባሕር በር ጠዋት ማታ እናወራለን። ዛሬ ኤርትራ ውስጥ ያለችውን የአክሱም ዘመን ወደብ አዱሊስን እንጠራለን፣ አፄ ካሌብ እ.ኤ.አ. በ525 ገደማ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ሂምያር (የዛሬዋ የመን) መዝመቱን እናስተምራለን። ፕሮኮፒየስ የተባለው የ6ኛው ክፍለ ዘመን ታሪክ ጸሐፊ በዚያ ባሕር የሚመላለሱት ጀልባዎች ያለ ብረት ሚስማር፣ በገመድ ተጠፍረው የሚሠሩ እንደነበሩ ጽፏል። እስቲ አስቡት፣ ሁለት ሳንቃና አንድ ጥቅል ገመድ ለልጆች ሰጥቶ «እሰሩት፣ ውኃ ላይ እንየው» ማለት ስንት ብር ያስወጣል? በጀት የለም የሚለውን መልስ እዚህ ላይ አልቀበልም።

ጣና ላይማ የበለጠ አለ። የነገደ ወይጦ ሰዎች ደንገል አጭደው፣ አድርቀው፣ ጠፍረው ታንኳ ይሠራሉ። ደንገሉ ውኃ ስለሚጠጣ ከቀዘፋ በኋላ ታንኳውን አውጥተው ያደርቁታል፣ ዕድሜውም አጭር ስለሆነ ሁልጊዜ አዲስ ይሠራል። ሙያው ስላልተቋረጠ አስተማሪ ፍለጋ የትም መሄድ አያስፈልግም። ይኼን ሁሉ ይዘን የባሕር ዳር ልጅ ታንኳን ከፖስት ካርድ ላይ ያያል!

ባሕር ዳር ያላችሁ መምህራን፣ በናታችሁ ቅዳሜን ሞክሩት። አንድ ታንኳ ሠሪ ጋብዙ፣ የቀን ሥራውን ትቶ ነውና የሚመጣው ደህና አድርጋችሁ ክፈሉት፣ ደንገሉን መሬት ላይ ዘርግቶ ልጆቹን በእጃቸው ያሠራቸው። ከኛ ከውጭ ካለነው ወጪውን የሚሸፍን አይጠፋም፤ እኔ አለሁበት።