ማን ነካው?

ባሕር ዳር ላይ ኮምፒውተር ሲያብድ ከመብራት ቀጥሎ የሚጠረጠረው ሰው ነው። «ማን ነካው?» ይባላል። የነካው ሰው ግን ተገኝቶ አያውቅም፤ ሁሉም «እኔማ ገና መግባቴ ነው» ይላል።

ፍርድ ቤት አካባቢ ካሉት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች ወደ አንዱ ጎራ በሉ። ጸሐፊዋ አንድ ሽማግሌ የሚነግሯትን የድንበር ክስ እየጻፈች ነው። «ከሳሽ» ብላ «ተከሳሽ» ልትል ስትል የእንግሊዝኛ ፊደል ይዘረገፋል።

«ልጄ፣ ምነው ፈረንጅ ገባበት?»

«ትንሽ ይታገሡኝ አባባ፣ ኪቦርዱ ነው።»

ኪቦርዱ ምን አደረገ? ዊንዶውስ ላይ አማርኛም እንግሊዝኛም ከተጫነ፣ የግራ አልትና ሺፍት አብዛኛውን ጊዜ ቋንቋ መቀየሪያ ናቸው። ወርድም እነዚያኑ ሁለት ቁልፎች ይፈልጋቸዋል፦ አልትና ሺፍት ተይዞ የላይ ቀስት ሲጫን አንቀጹ ወደ ላይ ይወጣል። ጸሐፊዋ አንቀጽ ልታወጣ ሁለቱን ያዘች። ሽማግሌው «ቆይ ቆይ፣ እሱ እዚያው ይሁን» አሉ። ቀስቱን ሳትነካ ለቀቀች። ወርድ ምንም አልሰማም፣ ዊንዶውስ ግን ቋንቋ ቀየረ።

መፍትሔው ሴቲንግስ፣ ታይም ኤንድ ላንጉጅ፣ ታይፒንግ፣ አድቫንስድ ኪቦርድ ሴቲንግስ፣ ከዚያ ኢንፑት ላንጉጅ ሆት ኪስ ውስጥ ነው። ቼንጅ ኪ ሲኩዌንስ የሚለውን ተጭኖ ኖት አሳይንድ (ያልተመደበ) ማድረግ ነው። ቋንቋ መቀየር ሲያስፈልግ የዊንዶውስ ቁልፍና ስፔስ ይበቃሉ። ማታ የምትገባው ልጅ ካልተነገራት ግን ነገ ጠዋት «ማን ነካው?» የምትለው እሷ ናት።

የቁልፍ ነገር የድግስ ሥርዓት አለው። ቄሱ ሳይባርኩ እንጀራ አይቆረስም፤ እዚህ ቄሱ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ፣ ማለትም ዊንዶውስ ራሱ፣ ነው። ኮንትሮል አልት ዲሊትን ለማንም አያካፍልም፤ የዊንዶውስ ቁልፍና ኤልም ስክሪን መቆለፊያው ናቸው። ቀጥሎ ቀድመው የመጡት ይቀመጣሉ። ማንኛውም ፕሮግራም ከበስተጀርባ ተደብቆም ቢሆን «ይህ ቁልፍ የእኔ ነው» ብሎ ሲስተሙ ዘንድ ማስመዝገብ ይችላል፤ ያንኑ ቁልፍ ዘግይቶ የጠየቀው ይከለከላል። የሚገርመው፣ የተከለከለው ብዙ ጊዜ ለባለቤቱ ትንፍሽ አይልም። ይሉኝታ ይዞት በሆዱ ያምቀዋል፤ የአገሩን ሰው ጠባይ ወርሷል መሰለኝ። ፊት ለፊት የተከፈተው፣ ደንበኛው ገንዘብ የሚከፍልበት ሥራ፣ ትራፊው ይደርሰዋል።

ትናንት የሠራ ቁልፍ ዛሬ እምቢ የሚለውም አንዳንዴ ለዚህ ነው፤ ኮምፒውተሩ ሲበራ የትኛው ፕሮግራም ቀድሞ እንደተነሣ ይወስነዋል። ወራሪውን ለመያዝ ሰዓቱ አጠገብ ያሉትን ትንንሽ ምስሎች አንድ በአንድ መዝጋት ነው። አንዱን በዘጉ ቁጥር የተከለከለውንም ፕሮግራም ዘግቶ መክፈት ያስፈልጋል፤ ምዝገባው ብዙ ጊዜ የሚካሄደው ሲከፈት ነውና። ይህችን የሚዘል ሰው ጥፋተኛውን ዘግቶትም «እሱ አይደለም» ብሎ በነጻ ያሰናብተዋል።

ጣና ዳር ቡና ይዞ ኮድ የሚጽፍ የፖሊ ተማሪም አልዳነም። ኢንቴሊጄ በሚባለው የኮድ መጻፊያ ላይ የመረጠውን ኮድ በትራይ (ስሕተት በሚይዝ ትእዛዝ) ሊከብ ኮንትሮል አልት ቲ ሲል፣ በዊንዶውስ ፈንታ የጫነው ኡቡንቱ ተርሚናል (የትእዛዝ መጻፊያ መስኮት) ይከፍትለታል። ሴቲንግስ ገብቶ፣ ኪቦርድ ሾርትከት ውስጥ ተርሚናል የሚለውን መርጦ ባክስፔስ ቢጫን ይገላገላል። ግን አንድ ተርሚናል ከፍቶ መዝጋት አይከብድምና በየቀኑ እየዘጋ ይኖራል።

የድሮ ኢንቴል ግራፊክስ ያለበት ኮምፒውተር ይብሳል፤ ኮንትሮል አልት የታች ቀስት ስክሪኑን ይዘቀዝቀዋል። ኮንትሮል አልት የላይ ቀስት ይመልሰዋል። ይህን ያላወቀ ባለ ሱቅ ሞኒተሩን ብቻ ነቅሎ በባጃጅ ጥገና ቤት ይወስደዋል። እዚያ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲሰካ ቀጥ ብሎ ይሠራል። «ምንም የለበትም» ይባልና ይመለሳል። ሱቁ ሲሰካ እንደገና ይዘቀዘቃል፤ ባጃጁ ግን የደርሶ መልሱን ተቀብሎ ሄዷል።