ከምግብ ቤት ሰሃን መጀመሪያ መቆጠር ያለበት ዘይቱ ነው

የሚበሉትን በየቀኑ እየመዘገቡ ካሎሪ የሚቆጥሩ ሰዎች ውጭ የበሉ ዕለት ይቸገራሉ። ቤታቸው ሚዛን አለ፤ ዘይቱን የሚያፈሱትም ራሳቸው ናቸው። ምግብ ቤት ግን የቀረበላቸውን ሰሃን ከማየት ሌላ ምንም መረጃ የላቸውም። ያኔ አንዱ የዕለቱን መዝገብ ባዶ ይተወዋል። ሌላው ስልኩ ላይ ባለው የካሎሪ መቁጠሪያ መተግበሪያ ከተዘረዘሩት ተመሳሳይ ምግቦች መካከል ዝቅተኛ ቁጥር ያለውን መርጦ ያስገባል። እኔ በሁለቱም አልስማማም። በግምት የተሞላ መዝገብ ከባዶው እጅግ ይሻላል፤ ግምቱ ግን ከዘይቱ መጀመር አለበት።

አንድ ግራም ፕሮቲን ወይም ካርቦሃይድሬት 4 ካሎሪ ገደማ ሲሰጥ፣ አንድ ግራም ስብ 9 ይሰጣል። 14 ግራም ገደማ የሚመዝን አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻውን 120 ካሎሪ አለው። የበሰለ ሩዝ ስትገምቱ በ50 ግራም ብትሳሳቱ ልዩነቱ 65 ካሎሪ ቢሆን ነው። ሁለት ማንኪያ ዘይት ካመለጣችሁ ግን 240 ካሎሪ አመለጣችሁ። ችግሩ ደግሞ ዘይት ሩዙ ውስጥ ሰርጎ፣ ሥጋው ላይ ተቀብቶ ስለሚመጣ ለዓይን አይሞላም።

የተጠበሰ የዶሮ ሥጋ ከሩዝና ከሰላጣ ጋር ቀረበላችሁ እንበል። ሩዙ ሁለት ጭብጥ የሚያክል ከሆነ ወደ 300 ግራም ይጠጋል፤ 390 ካሎሪ። ቆዳው የተገፈፈ 150 ግራም የዶሮ ፍርምባ 250 ገደማ ነው። የሰላጣው ቅጠል እዚህ ግባ የሚባል ቁጥር የለውም። እስካሁን 640 ደረስን፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። አሁን ለሩዙ አንድ ማንኪያ፣ ለመጥበሻው አንድ፣ ሰላጣው ላይ ለፈሰሰው ሶስ ሌላ አንድ ማንኪያ ዘይት ጨምሩ። ያው ሰሃን 1,000 ካሎሪ ሆነ። ሦስት ማንኪያ ደግሞ የተጋነነ አይደለም፤ አብሳዩ የሚያስበው ምግቡ እንዲጣፍጥና እንዳይደርቅ ነው። ሥራው ነውና አይወቀስም።

ሜኑው ላይ ቁጥር ካለ ተጠቀሙበት። በአሜሪካ 20 እና ከዚያ በላይ ቅርንጫፍ ያላቸው ምግብ ቤቶች ከ2018 ጀምሮ፣ በእንግሊዝ ደግሞ 250 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸው ከ2022 ጀምሮ ካሎሪውን እንዲጽፉ በሕግ ተገደዋል። መልካም ሕግ ነው። ነገር ግን የአብሳይ እጅ እንደ ማሽን አይደለም። በ2011 በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት የወጣ ጥናት 269 የምግብ ቤት ምግቦችን ላቦራቶሪ አስገብቶ ሲለካ፣ ቁጥሮቹ በአማካይ ትክክል ሆነው ሳለ 19 በመቶዎቹ ከተጻፈው ቢያንስ በ100 ካሎሪ በልጠው ተገኝተዋል።

የእኛ የራሳችን ግምት ከዚህ የባሰ ነው፤ ስህተቱም ወደ አንድ ወገን ያጋድላል። በ1992 የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት፣ ትንሽ እየበሉ ክብደት መቀነስ እንዳልቻሉ የተናገሩ ሰዎችን ተከታትሎ ነበር። በትክክል ከበሉት ውስጥ 47 በመቶ የሚሆነውን ሳይመዘግቡ ቀርተዋል። እንግዲህ የሰው ግምት በተፈጥሮው ወደ ታች የሚያዘነብል ከሆነ፣ በሁለት ቁጥሮች መካከል ስታመነቱ ከፍተኛውን ያዙ። ዝቅተኛውን መምረጥ በስህተት ላይ ስህተት መጨመር ነው።

ስህተቱ በጣም ሊያሳስባችሁም አይገባም። ለአንድ ዓይነት ምግብ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ቁጥር ከመዘገባችሁ፣ ግምታችሁ ማነሱን የሳምንታት ክብደታችሁ ራሱ ይነግራችኋል፤ ያን ጊዜ ታስተካክላላችሁ። ባዶ ለተተወ ቀን ግን ምን ይስተካከላል? የማግስቱ ሚዛን ከፍ ብሎ ቢታይ አትደንግጡ፤ ጨው የበዛበት ምግብ ውሃ ይይዛል፣ በቀናት ውስጥም ይወርዳል።

ከምግብ ጋር በተያያዘ የአእምሮ ሕመም ውስጥ ያለፉ ሰዎች ግን ይህን ቆጠራ ያለ ሐኪም ምክር ባይጀምሩት እመርጣለሁ፤ ቁጥሩ ራሱ ሊጎዳቸው ይችላል።

ለሌሎቻችን ግምቱን የሚያቀልል ነገር አለ። ሶሱ ለብቻው እንዲመጣ አስተናጋጁን ጠይቁ፤ በማንኪያ እየለካችሁ ታፈሳላችሁ፣ ከሦስቱ ያልታወቁ ማንኪያዎች አንዱ ታወቀ ማለት ነው። ሥጋው በዘይት ነው በቅቤ የተጠበሰው፣ ወይስ በፍም ብቻ? ይህንንም መጠየቅ ነውር የለበትም።