ማስጠናቱን ዘለላችሁት

የድሬዳዋ ምሩቃን ምን ሠርተው እንደሚያድሩ ያወጣችሁት ጽሑፍ ባጃጅና ሱቅ ላይ ብቻ ነው ያያቸው። ቤት ለቤት ማስጠናት የት ሄደ? ነጭ ሰሌዳ፣ ማርከርና የተማሪው መጽሐፍ ካለ ይጀመራል። ከ2015 ወዲህ የመውጫ ፈተና 50 ያላመጣ ዲግሪ አያገኝም፤ ማስጠናት ድጋሚውን ለሚጠብቅ ጠዋቱን ለራሱ ጥናት ይተውለታል።

ሰዓቱን የሚወስነው ሙቀቱ ነው። ከምሳ በኋላ ከተማው ይተኛል፣ ያልተኛው ይቅማል፤ ስለዚህ ያለው ከ10 እስከ 1 ሰዓት ነው። ሁለት ቤት ይበቃል፣ ለየቤቱ 1 ሰዓት ከሩብ። አንዱ ከዚራ ሰፈር ሌላው ሳቢያን ሰፈር ከሆነ ግን ገቢው ለባጃጅ ይሄዳል።

ማስጠናት የምትጀምሩ፣ በመጀመሪያው ቀን ልጁ በትምህርት ቤት የደረሰበትን ምዕራፍ አትክፈቱ። ካለበት ሁለት ክፍል ዝቅ ካለው ትምህርት 10 ጥያቄ ስጡ። የ9ኛ ክፍል ልጅ 2/3 + 1/4 = 3/7 ብሎ ከጻፈ ችግሩ አልጀብራ አይደለም፤ ላይን ከላይ፣ ታችን ከታች እየደመረ ነው። ሁለት ሳምንት ክፍልፋይ ላይ ቆዩ፣ ወረቀቱንም ለወላጅ አሳዩ፤ አለዚያ «ገና እዚህ ናችሁ?» ይመጣል።

የቤት ሥራ ሠርቶ መስጠት ደግሞ ትልቁ ወጥመድ ነው። ደብተሩ በራይት ይሞላል፣ ፈተናው ላይ ልጁ ይወድቃል፣ ተጠያቂው አስጠኚው ነው።

ክፍያ በወር አትዋዋሉ፤ በዓሉ፣ የረመዳን ሰዓት ለውጡ፣ የልጁ መቅረት ሁሉ ጭቅጭቅ ነው። 12 ክፍለ ጊዜ ቆጥራችሁ ቅድሚያ ተቀበሉ፣ እያንዳንዱን ደብተር ላይ አስፈርሙ።