ውዳሴ ለሁለት ሳምንት ባሕታውያን

ዘመናችን ጀግና አጣ የሚሉ ሰዎች ወደ ፔንሲልቬንያ ዞር ብለው አላዩም። በዚያ ግዛት በላንካስተር አውራጃ፣ በቆሎና ትምባሆ በሚበቅልበት ለም መሬት፣ በፈረስ ጋሪ የሚጓዙት፣ አሚሾች የሚባሉ ክርስቲያኖች በሚኖሩበት ቀዬ፣ «ያለ ቴክኖሎጂ ለመኖር» ለሁለት ሳምንት የሚመንኑ ባልና ሚስቶች አሉ። ከኒው ዮርክም ከፊላደልፊያም ይነሣሉ፤ በሜሪላንድ ካለችው ከእኛዋ ከሲልቨር ስፕሪንግም ሳይቀር፣ መንገዱ በመኪና ሁለት ሰዓት ገደማ ነውና። ብዙ ስለሆኑ የማንንም ስም ሳልጠራ ሁሉንም እንደ አንድ ቤት ቆጥሬ ላመሰግናቸው ተነሥቻለሁ፤ ምስጋናው ቢበዛባቸው እንኳ ትሕትናቸው ይችለዋል።

አስቀድሞ የሚደነቀው ዝግጅታቸው ነው። ከኢንተርኔት ለመራቅ የሚያስፈልገውን ሁሉ ያገኙት ከኢንተርኔት ነው፤ ማሾውን፣ የገለባ ባርኔጣውን፣ በእጅ የተሰፋውን ማስታወሻ ደብተር፣ ማረፊያ ቤቱንም ጭምር፣ ያውም ቀደም ብለው የሄዱ መናንያን የሰጡትን ኮከብ አንድ በአንድ መርምረው። ከመነሣታቸው በፊትም በፌስቡክና በኢንስታግራም የስንብት ቃል አስተላለፉ። በጥንት ዘመን ዓለምን የናቀ ሰው ማንም ሳያየው በሌሊት ተነሥቶ ይጠፋ ነበር፤ ይህ ለተመልካች ፈጽሞ የማያስብ አሠራር መሆኑን ዛሬ ተረድተናል። አዲስ አበባ ያሉት እናት ብቻ፣ ስልክ ሊዘጉ እንደሆነ ሲነገራቸው፣ «ምን አጥፍታችሁ ነው?» ብለው በመጠየቃቸው ለመንፈሳዊ ነገር ያላቸው ዝግጅት አነስተኛ መሆኑን አሳይተዋል።

እንዲህ ተዘጋጅተው ቢደርሱም አሚሾቹ አሳፈሯቸው። ባልና ሚስቱ የጠበቁት ኩራዝና ጸጥታ ነበር። ያሳደራቸው ገበሬ ግን ከጓሮው የናፍጣ ሞተር አለው፤ ሞተሩ የታለበውን ወተት ያቀዘቅዛል፣ አየር አምቆም ወደ አናጢ ሥራ ቤቱ ይልካል፤ በዚያው አየር ኃይል መጋዙና መሰርሰሪያው ይሠራሉ። ከወጥ ቤቱ ጥግ በቡታጋዝ የሚሠራ ፍሪጅ ቆሟል። የጋሪው መብራት በባትሪ ይበራል። ስልክ እንኳ አለ፤ ያለው ግን ከቤት ውስጥ ሳይሆን ከማሳው ዳር በቆመች ጠባብ ዳስ ውስጥ ነው፣ ጎረቤት ከጎረቤት ይጋራታል፣ ደዋይ መልእክት ይተውባታል። ሚስቲቱ ይህን ሁሉ ካየች በኋላ አሚሾቹ በበቂ ሁኔታ አሚሽ እንዳልሆኑ በሐዘን ተገነዘበች፤ ለጠዋቱ ተመስጦዋ ሲባል ሞተሩ ለአንድ ሰዓት እንዲጠፋም በጨዋ ቋንቋ ጠየቀች። ገበሬው ላሞቹን ወደሚያልብበት ሰዓት እየጠቆመ ይቅርታ ለመናት። የባላገር ግትርነት የትም አንድ ነው።

ገበሬው ለአኗኗሩ ምክንያት የለውም ማለቴ አይደለም፤ ምክንያቱ አሰልቺ ስለሆነ ነው የከተማ ሰው ጆሮ የማይሰጠው። እነዚህ ሰዎች አዲስ ዕቃ ሲመጣ «ዘመናዊ ነው ወይስ ጥንታዊ?» ብለው አይጠይቁም፤ «እርስ በርሳችን እንድንራራቅ ያደርገናል ወይ?» ይላሉ። ስልክ በየቤቱ እንዳይገባ እ.ኤ.አ. በ1910 አካባቢ የወሰኑት ሰው በእግሩ ሄዶ ጎረቤቱን መጠየቁን እንዳይተው ብለው ነው፤ ከመንግሥትና ከኩባንያ መስመር የሚመጣውን ኮረንቲ የከለከሉትም ቤታቸው ከውጭው ዓለም ጋር በሽቦ እንዳይታሰር ነው። ይህን የሚወስን ኦርድኑንግ የሚባል የአጥቢያ ሥርዓት አላቸው፤ ከሃያ እስከ አርባ የሚሆኑ ቤተሰቦች ያሉባት አጥቢያ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ከቅዱስ ቁርባን በፊት፣ ተሰብስባ ትስማማበታለች። ጳጳሱ በዕጣ የሚወጣ፣ ደመወዝ የሌለው፣ ነገ ተመልሶ የሚያርስ ሰው ነው። ተጠምቆ ቃል የገባ ሰው ሥርዓቱን ጥሶ በእምቢታው ቢጸና ውግዘት ይጠብቀዋል።

ባልና ሚስቱ ለሰው ልጅ ያበረከቱት ታላቅ ማሻሻያ እዚህ ላይ ነው። አጥቢያውን፣ ጳጳሱን፣ ስብሰባውን፣ ውግዘቱንና ጎረቤቱን በሙሉ አስወግደው ክልከላውን ብቻ ንጹሕ አድርገው አወጡት። የራሳቸውን ኦርድኑንግ ቁርስ ላይ ደነገጉ፣ ምሳ ላይ አሻሻሉ፣ እራት ላይ ሻሩ። ባልየው ፓወር ባንክ ለድንገተኛ ጉዳይ ብቻ እንዲፈቀድ ሐሳብ አቀረበ፤ ሐሳቡም በሁለት ድምፅ ጸደቀ። ድንገተኛው ጉዳይ የደረሰው በዚያው ሌሊት ነበር፤ የስንብት ቃላቸውን ስንት ሰው እንደወደደላቸው አልታወቀም ነበርና።

ስለ መኪናቸው ካላነሣሁ ደግሞ ውዳሴዬ ጎደሎ ይሆናል። አሚሽ መኪና አይገዛም፣ አይነዳም፤ በሌላ ሰው መኪና መሳፈር ግን ይፈቀድለታል፣ ስለዚህ ሩቅ ሲሄድ «እንግሊዝ» ብሎ ከሚጠራው ከውጭ ሰው ጋር በማይል ተዋውሎ ይጓዛል። የገበሬው ባለቤት የጥርስ ቀጠሮ ነበራቸው፤ የሚነዳቸው ሰው ሲቀርባቸው፣ በግቢው ቆሞ አቧራ የሚጠጣውን መኪና ዐይተው እንግዶቹን ለመኑ። ባልና ሚስቱ ግን ለሁለት ሳምንት መኪና የተዉ መሆናቸውን በፍቅር አስረዷቸው፤ በአቋማቸውም ጸኑ። ሰው ስለ ሌላ ሰው ጥርስ ብሎ ሕሊናውን መሸጥ የለበትም። ቀጠሮው ተላለፈ፤ ሚስቲቱም በዚያ ምሽት ስለ ማኅበራዊ ትስስር ማለፊያ ሐሳብ በማስታወሻ ደብተሯ ላይ አሰፈረች።

እሑድ ጸሎት ሄዱ። የሚጸለየው በየሰው ቤት በተራ፣ መደገፊያ በሌለው አግዳሚ ላይ፣ ሦስት ሰዓት ያህል ነው፤ ሁልጊዜ በሁለተኛነት የሚዘመረው መዝሙር ብቻውን 20 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። እንግዶቻችን ለመጀመሪያው መዝሙር በሙሉ ልብ ተቀምጠዋል። ስለ ፎቶግራፍም ጥንቃቄያቸው ይመሰገናል፤ አሚሽ ፊቱን ለካሜራ እንደማይሰጥ ስለሚያውቁ ከጀርባው ብቻ አነሡት፤ ፈረሱን፣ የሰኞውን ስጥ ልብስና የልጆቹን ባዶ እግር ግን ያለ ገደብ። የአሚሽ ልጆች ስምንተኛ ክፍል ጨርሰው ወደ ሥራ እንደሚገቡ፣ ይህንም የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1972 እንደፈቀደላቸው ሲሰሙ እንባ ተናነቃቸው፤ «እንዴት ያለ ነጻነት!» አሉ። የራሳቸው የአራት ዓመት ልጅ በሦስት የግል ትምህርት ቤቶች የተጠባባቂ መዝገብ ላይ አለች።

በነገራችን ላይ ላንካስተር ለእኛ አገር ፈጽማ ባዕድ አይደለችም። አሚሾች እ.ኤ.አ. በ1693 ከተለዩዋቸው ወገኖች የሚወለዱት ሜኖናይቶች ከዚሁ አውራጃ ሚሲዮናውያን ልከውልናል፤ የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ጅማሬም ከእነርሱ ጋር የተያያዘ ነው። እነርሱ ወደ እኛ ሲመጡ ሐኪም ቤትና ትምህርት ቤት ከፈቱ። የእኛ ልጆች ወደ ዘመዶቻቸው ሲሄዱ ደግሞ ፓወር ባንክ ይዘው ሄዱ፤ ውለታ በዚህ መልክ ይመለሳል።

ምናኔው ካበቃ በኋላ ያለው ትጋት ከምናኔው ይበልጣል። ስልክ ካለመንካት የተገኘው ሰላም በስልክ ተቀርጾ በስልክ ለሚያዩ ሰዎች ተሠራጨ፤ ስክሪን ላይ ያጠፉት ሰዓት ምን ያህል እንደቀነሰም ስክሪኑ ራሱ በሠንጠረዥ መሰከረላቸው። ሊጠፋ የተቃረበ ሕዝብ ጎብኝተው እንደተመለሱም በተሰበረ ድምፅ ተናገሩ። ሊጠፋ ተቃርቧል የተባለው ሕዝብ እ.ኤ.አ. በ1900 ወደ 6,000 ገደማ ነበር፤ ዛሬ ከ400,000 አልፏል፣ በየ20 ዓመቱም እጥፍ ይሆናል፣ ልጆቹም በአብዛኛው ተጠምቀው እዚያው ይቀራሉ። ይህን ቁጥር ግን ማንሣት የዝግጅቱን ስሜት ይረብሻል።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኛል። የሁለት ሳምንቱ ሒሳብ የቀረበላቸው በእጅ በተጻፈች ቁራጭ ወረቀት ነበር። ካርድ የሚቀበል መሣሪያ በቤቱ የለም፤ ባልና ሚስቱ ደግሞ ጥሬ ገንዘብም ቼክም መያዝ ከተዉ ቆይተዋል። ባልየው የገንዘብ ማሽን ፍለጋ ወደ ከተማ መውጣት ግድ ሆነበትና፣ ሕሊናውን እንደምንም አሳምኖ መኪናውን አስነሣ። ዞር ብሎ ሲያይ የገበሬው ባለቤት አዲሱን የጥርስ ቀጠሮ ወረቀት ይዘው ከኋላ ወንበር ተቀምጠዋል፤ አጠገባቸውም ሁለት ጎረቤቶች።