የዊትቢው የዓሣ ነባሪ አጥንት የድሮ አዳኞች ያመጡት አይደለም

«እንግሊዝ አገር ዊትቢ ከተማ፣ ገደሉ አናት ላይ የቆመውን የአጥንት ቅስት የከተማዋ አዳኞች ከ200 ዓመት በፊት አምጥተው አቆሙት» የሚል ጽሑፍ ከነፎቶው ሲዘዋወር አየሁ። ፎቶው እውነት ነው፤ ታሪኩ ግን አይደለም።

የዓሣ ነባሪ አደኑ በእርግጥ ነበር። የዊትቢ መርከቦች እ.ኤ.አ. ከ1753 ጀምሮ ወደ ግሪንላንድ አካባቢ ይወጡ ነበር። ስቡ ወደቡ ዳር በትልልቅ ጋን ይቀቀላል፣ ዘይቱም ለመብራት ይሸጣል። ሽታውን አስቡት! በ1830ዎቹ ግን ሥራው አከተመ።

የመጀመሪያው ቅስት የቆመው ከዚያ በኋላ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ነው። አጥንት ደግሞ ደጅ ሲውል ሲያድር የባሕር ነፋስና ዝናብ ይበላዋል። ስለዚህ በ1963 ከኖርዌይ በመጣ የመንጋጋ አጥንት ተተካ። እሱም አረጀ። ዛሬ ሰው ሥሩ ቆሞ ፎቶ የሚነሣበት በ2003 ከአላስካ የመጣ ነው። ዓሣ ነባሪውን ያደኑት በሕግ የተፈቀደላቸው የአካባቢው ተወላጆች ናቸው።

በዚያው ላይ ቅስቱ አጠገብ የእንግሊዛዊው የባሕር አሳሽ የካፒቴን ጄምስ ኩክ ሐውልት ስላለ እሱንም አዳኝ የሚያደርጉት አሉ። ኧረ በፍጹም! ኩክ ዊትቢ ውስጥ ሙያውን የተማረው ድንጋይ ከሰል በሚጭኑ መርከቦች ላይ ነው። የከተማዋን ስመ ጥር አዳኝ የፈለገ ዊልያም ስኮርስቢን ይፈልግ፤ አባትየውን። ጠባቂው ከብርድ ተከልሎ ባሕሩን እንዲቃኝ የመርከብ ምሰሶ ላይ በርሜል የሰቀለው እሱ ነው ይባላል። ልጁም ስሙ ዊልያም ስለሆነ እንዳይምታታባችሁ።