ፊቱን አይቼ ነው ያወቅኩት

ደሴ ላይ ካሜራ መስቀል ብር ማባከን ነው። እኛ እያለን! ፒያሳ አንዱ ቡና ቤት በረንዳ ላይ ቁጭ በሉና አላፊ አግዳሚውን የሚዳኙትን ስሟቸው። «ይሄ ልጅ ዓይኑ አላማረኝም።» አለቀ። ምስክር የለ፣ ይግባኝ የለ።

በፈረንጆቹ 2006 ላይ አሜሪካ፣ ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሁለት ተመራማሪዎች ሰው ፊት አይቶ «ይታመናል፣ አይታመንም» ለማለት የሰከንድ አንድ አስረኛ እንደሚበቃው አሳዩ። ቀርፋፎች! የኛ ሰፈር እትዬዎች ሰውየው ከባጃጅ ሳይወርድ ጨርሰዋል። እኔን ያስደሰተኝ ግን ሌላው ነው፦ ተጨማሪ ጊዜ ሲሰጣቸው የሰዎቹ ፍርድ እምብዛም አልተለወጠም፣ በራሳቸው መተማመናቸው ግን ጨመረ። ሰኞ ገበያ መጥተው ያጠኑ ነው የሚመስለው።

ይህን ጸጋ የተነፈገው የአጎቴ ልጅ ነው። ኦቲዝም አለበት፣ ሠላሳ ሊሞላው ነው፣ የአባቱን ሱቅ ሒሳብ የሚይዘውም እሱ ነው። ሲያናግሩት ዓይን ዓይን አያይም። በቃ፣ ሰፈሩ «የሚደብቀው ነገር ቢኖር ነው» ብሎ ፈረደ። (እኔ እስካሁን ደብቆ ያገኘሁበት ቆሎ ብቻ ነው።) ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የግብር አዳራሽ «አይጠየፍ» የሚባልባት ከተማ እኮ ናት! እኛም ስሙን አክብረን፣ ፊቱን ሳናይ ማንንም አንጠየፍም።

በፈረንጆቹ 2017 የወጣ ጥናት ላይ ሰዎች ኦቲዝም ያለባቸውን ለጥቂት ሰከንድ አይተው ወይም ሰምተው ብቻ መቀራረቡን ሸሹ። የተናገሩትን በጽሑፍ ብቻ ሲያነቡ ግን ሽሽቱ ጠፋ። ስለዚህ ምክሬ፦ ሰው ምን እንዳለ ልብ አትበሉ፣ ፍርድ ያበላሻል።

እነሱስ የኛን ፊት እንዴት ያዩታል? በፈረንጆቹ 2001 ላይ በወጣ ጥናት ኦቲዝም ያለባቸው ጥቂት አዋቂዎች ሌላው የሚሸሸውን ፊት «ይታመናል» ብለው ነበር። ከሌላው ሰው ብዙም የማይለይ ፍርድ ያገኙ ጥናቶችም አሉ። የኛው ልጅ ግን ከሁለቱም ወገን የለበትም።

ባለፈው ዓመት አንድ ፊቱ ብርሃን የሚረጭ ሰውዬ ሱቁ መጣ፤ ኮምቦልቻ መጋዘን ሲሚንቶ አለኝ፣ 40,000 ብር ቀብድ ክፈሉኝና ነገ ይራገፋል አለ። ልጁ አንገቱን እንደደፋ «መታወቂያ አለህ?» ብሎ ጠየቀ። አጎቴ በሐፍረት መሬት ልትውጠው!

«አንተ፣ ፊቱን አታየውም?»

«አየሁት። ፊት ነው።»

አጎቴ እንግዳውን ይቅርታ ጠይቆ፣ ቡና አስፈልቶ፣ ብሩን ቆጥሮ ሰጠ። ሲሚንቶው እስከዛሬ መንገድ ላይ ነው። የሰውዬው ስልክም ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥሪ አይቀበልም።

ትናንት ሱቁ ጎራ ብዬ ነበር። አጎቴ ለደንበኞቹ ታሪኩን እያወራ ደረስኩ። «እኔ እኮ» ይላል ጣቱን ቀስሮ፣ «ከመጀመሪያውም ዓይኑ አላማረኝም ነበር።»