ዕጣው ከለየ በኋላ ሰዓት መያዝ ምን ይሠራል?

እስኪ ይህን ነገር ልናገረውና ይውጣልኝ። የኦቨርክሎኪንግ ውድድር በቀጥታ ሲተላለፍ የሚታየው ነጭ ጉም፣ ቴርሞሜትርና ወደ ኋላ የሚቆጥር ሰዓት ነው። ሁሉም ከአንድ መስመር የተነሡ ይመስላሉ። አልተነሡም! ግማሹ ነገር ያለቀው ፕሮሰሰሩ፣ ማለትም የኮምፒውተሩ ዋና ቺፕ፣ ለተወዳዳሪዎቹ ሲታደል ነው፤ የቀረው ደግሞ ፕሮሰሰሩ የሚሰካበት ሰሌዳ፣ ማዘርቦርዱ፣ ሲዘጋጅ። ለዓመታት የሚታወቅ ችግር ሆኖ ሳለ ዛሬም «ያው ዕድል ነው» ተብሎ ይታለፋል። ያንገበግባል።

ለማያውቀው፦ ኦቨርክሎኪንግ ፕሮሰሰርን፣ ራምን ወይም ግራፊክስ ካርድን ፋብሪካው ከወሰነለት ፍጥነት በላይ ማስሮጥ ነው። መድረክ ላይ ማቀዝቀዣው ፈሳሽ ናይትሮጅን ነው፤ አገራችን ውስጥ የከብት ማዳቀያ ዘር የሚቆይበት ያው -196 ዲግሪ ነገር። ፕሮሰሰሩ ላይ ፖት የሚባል የመዳብ ጽዋ ይታሰራል፣ ናይትሮጅኑ በቴርሞስ እየተቀዳ ይፈስበታል። ቀልድ አይደለም፤ በታይፔይ የኮምፒውተር ትርዒት፣ ኮምፒውቴክስ ላይ፣ ለአንደኛ 10,000 ዶላር የሚያስገኝ ውድድር ተካሂዷል።

አሁን ወደ ብሶቴ። አንድ ዓይነት ስምና አንድ ዓይነት ዋጋ ያላቸው፣ ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ሁለት ፕሮሰሰሮች እኩል አይደሉም። አንዱ በናይትሮጅን 6.8 ጊጋኸርዝ ላይ ሙከራውን ሲጨርስ ሌላው በዚያው ቮልቴጅ 6.6 ላይ ይወድቅና ስክሪኑን ሰማያዊ ያደርጋል። 200 ሜጋኸርዝ ማለት ወደ 3 በመቶ ነው። የፓይን አሃዞች ለማስላት የሚፈጀውን ጊዜ በሚለካው ፈተና፣ በሱፐር ፓይ 32ኤም፣ አንደኛና ሦስተኛ በሰከንድ ክፋይ በሚለያዩበት ሰፈር 3 በመቶ ገደል ነው፤ በእጅ ጥበብ አይሞላም። በዚያ ላይ ብርድ የማይችል ቺፕ አለ። አንዱ ፖቱ እስከ አፉ ሞልቶ ይሠራል፤ ሌላው -110 አካባቢ ሲደርስ ዝም ይላል፣ እንደገና ለማስነሣት በችቦ ማሞቅ ግድ ነው። ይህ የደረሰበት ሰው ምን አጠፋ? ምንም!

ቤት ውስጥ የሚወዳደር ሰው መላ አለው፦ 20 እና 30 ፕሮሰሰር ይገዛል፣ አንድ በአንድ ይፈትሻል፣ ምርጡን ያስቀርና ቀሪውን ይሸጣል። ገንዘብ ያለው ያሸንፋል ማለት ነው። አዘጋጆች ይህን ለመከላከል «ዕቃውን እኛው እናድላለን» ማለታቸው ጥሩ ሐሳብ ነበር። ግን ሳይፈተሽ የታደለ ዕቃ የሀብታሙን ብልጫ በዕጣ ብልጫ ተካው እንጂ ፍትሕ አላመጣም።

የሚያናድደኝ መፍትሔው ውድ አለመሆኑ ነው። ለስምንት ተወዳዳሪ 24 ፕሮሰሰር ይቅረብ። ሁሉም በአንድ ማዘርቦርድ፣ በአንድ የውሃ ማቀዝቀዣ፣ በተቆለፈ 1.25 ቮልት ይፈተሹ። ሲኔቤንች አር23 የሚባለውን የፕሮሰሰር መፈተኛ ፕሮግራም አሥር ደቂቃ ሳይወድቅ የጨረሰበት ከፍተኛ ፍጥነትና የደረሰበት ሙቀት ይመዝገብ። በጠዋት የተፈተሸና ከሰዓት በኋላ ክፍሉ ሲሞቅ የተፈተሸ እንዳይደባለቅ የክፍሉም ሙቀት አብሮ ይጻፍ። ከዚያ ከላይኛው፣ ከመካከለኛውና ከታችኛው ስምንት አንድ አንድ ለእያንዳንዱ ይድረሰው፣ ዝርዝሩም ከነመለያ ቁጥሩ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። በውሃ የተሻለ ቺፕ በናይትሮጅንም ይሻላል ማለት ሁልጊዜ አይደለም፤ የብርድ ችግሩ በዚህ ፍተሻ አይታይም። ለዚያ ደግሞ ሦስት ቺፕ መያዝ ያግዛል፦ አንዱ ከከዳ ሁለት ይቀራል። ለአንድ ለአንድ ፍልሚያ ከሆነ ከዚህም የሚቀል አለ፤ በሁለተኛው ዙር ፕሮሰሰሩንና ማዘርቦርዱን እንዳለ ይቀያየሩ። ያኔ ሰው ከሰው ይወዳደራል።

ወደ ዝግጅቱ ልምጣ፣ ሰው የማያየው ትልቁ በደል እዚህ ነው። ብረት -150 ሲደርስ የአየሩ እርጥበት ሁሉ በረዶ ሆኖ ይለጠፍበታል። በረዶው ችግር የለውም፤ ሲቀልጥ ነው ጉዱ። ስለዚህ ቦርዱ መሸፈን አለበት። በመጀመሪያ ሶኬቱ (ፕሮሰሰሩ የሚቀመጥበት)፣ የራም መሰኪያዎቹና የግራፊክስ ካርዱ መሰኪያ በፕላስተር ይዘጋሉ። በሶኬቱ ዙሪያ ውሃ የማያሳልፍ ቅብ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይቀባል፣ በየመሐሉ እስኪደርቅ ይጠበቃል። ከላይ የደረቀ መስሎ ከሥር እርጥብ የሆነ ቅብ ከነጭራሹ ካልተቀባ ይብሳል። በጥቃቅን ካፓሲተሮቹ መሐል ያለው ክፍተት የሰዓሊ ለስላሳ ላጲስ ወይም ቫዝሊን ይጠቀጠቅበታል። የቦርዱ ጀርባ፣ ልክ ከሶኬቱ በስተኋላ ያለው፣ እንደ ፊቱ ሁሉ ይሸፈናል፤ ቅዝቃዜው በሶኬቱ ብረቶች አልፎ እዚያ ይደርሳልና። ብዙ ሰው የሚረሳው ይህን ነው። ከዚያ አየር የማያስገባ ስፖንጅ፣ በፖቱ ዙሪያ ደግሞ ሶፍት፤ ሶፍቱ ሲርስ ይቀየራል። ትንሽ ፋንም በጎን ይንፈስበት።

ይህ ሁሉ በትክክል ከተሠራ ሁለት ሰዓት ይፈጃል፣ ቅቡ ወፍራም ከሆነ ሦስት። ለዝግጅት 60 ደቂቃ ሰጥቶ «እኩል ጊዜ ሰጠን» ማለት ምን ማለት ነው? ሁለተኛ ሰው ይዞ የመጣው አንዱ ሲቀባ ሌላው ዊንዶውስ ይጭናል። ብቻውን የመጣው ሁለቱንም በአንድ እጅ። ሽፋኑ በችኮላ የተሠራበት ቦርድ ደግሞ ወዲያው አይሞትም። መጀመሪያ ለፕሮሰሰሩ የሚቀርበው የራም መሰኪያ ይረጥባል፣ ከሁለት ራም አንዱ ይጠፋል፣ ከዚያ የቦርዱ የስህተት ኮድ 55 ላይ ይቆማል፣ ራም አላገኘሁም ማለቱ ነው። ተመልካቹ «አልቻለበትም» ይላል። የቻለበትን ጊዜ ማን ሰጠው?

በቺፑና በፖቱ መሐል የሚቀባው ቴርማል ፔስትም ሌላ ጣጣ ነው። በኃይለኛ ብርድ ይሰነጠቃል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ቴርሞሜትሩ ፖቱን -185 ይላል፣ ነገር ግን ከአሥር ደቂቃ በፊት ያለፈው ፍጥነት አሁን አያልፍም። ፖቱ ቀዝቅዟል፣ ቅዝቃዜው ግን ቺፑ ዘንድ አይደርስም። መፍትሔው እስከ ክፍሉ ሙቀት ማሞቅ፣ ፖቱን መፍታት፣ ማድረቅ፣ እንደገና መቀባትና ማሰር ነው፤ ወደ 40 ደቂቃ። በሦስት ሰዓት ውድድር 40 ደቂቃ! ስለዚህ ፔስቱ ለሁሉም አንድ ዓይነት ይሁን፣ ማሰሪያው ብሎንም በእኩል ልክ ይጥበቅ።

ስለ ናይትሮጅኑም ዝም አልልም። ፕሮሰሰር ብቻ ሲቀዘቅዝ በሰዓት ከ5 እስከ 10 ሊትር ይሄዳል፣ ግራፊክስ ካርድ ሲጨመር ይበልጣል። ትልቁ ታንክ መሐል ላይ ተቀምጦ ሁሉም ከዚያው ሲቀዳ አጠገቡ የተቀመጠው ቶሎ ይመለሳል፣ ጥግ ያለው እየተሰለፈ ፖቱ ይሞቅበታል። በመጨረሻዎቹ 20 ደቂቃዎች፣ ሁሉም ትልቁን ውጤት በሚሞክርበት ሰዓት፣ ታንኩ ባዶ ይሆናል። ለየሰዉ ለየብቻ ተመዝኖ ቢሰጥ ምን ነበረበት?

በሶፍትዌሩ በኩል ቢያንስ ትምህርት ተወስዷል። እ.ኤ.አ. በ2013 ዊንዶውስ 8 ላይ ቤዝ ክሎክ (የፕሮሰሰሩ ፍጥነት የሚሰላበት መነሻ ምት) ሲቀየር የኮምፒውተሩ ሰዓት ራሱ እንደሚዛባ ታወቀ፤ የኦቨርክሎኪንግ ውጤቶችን የሚመዘግበው ድረ ገጽ ኤችደብሊውቦት በዚያ ሲስተም የተገኙትን ውጤቶች አልቀበልም አለ። ዛሬ ቤንችሜት የሚባል ፕሮግራም ሰዓቱን ይቆጣጠራል። ለዕቃው ግን ይህን ያህል ጥንቃቄ የለም። ገና ለገበያ ያልወጣ ባዮስ (ማዘርቦርዱን የሚያስነሣ ፕሮግራም) በፍላሽ ይዞ የመጣ ሰው አጠገብ ከድረ ገጽ ያወረደውን ይዞ የሚቀመጥ አለ። አንድ ባዮስ፣ ከአንድ ኤስኤስዲ የተቀዳ አንድ ዊንዶውስ፣ ለሁሉም። ከባድ አይደለም።

የመጨረሻው ደግሞ ተለዋጭ ቦርድ ነው። በተወዳዳሪው ጥፋት ሳይሆን በራሱ ብልሽት ቦርድ ሲሞት፣ ወይም የአዳራሹ መብራት ጠፍቶ ባዮሱ ሲበላሽ፣ ከካርቶን የወጣ ያልተሸፈነ ቦርድ ይሰጠዋል፤ ሰዓቱ ግን መቁጠሩን አያቆምም። ያ ሰው ወይ ሁለት ሰዓት ሲቀባ ይውላል፣ ወይ ሳይሸፍን ናይትሮጅን አፍስሶ ሁለተኛውንም ይገድላል። ለየአራት ሰው ቀድሞ የተቀባና የደረቀ አንድ ተለዋጭ ይቀመጥ፤ ዳኛውም ቦርዱ የሞተበትን ደቂቃ ይጻፍና አዲሱ እስኪታሰር ያለፈውን ጊዜ ይመልስለት።